በኮላጅን ጄል ውስጥ ሕዋሳትን የሚያዘገየው ግትርነቱ ነው ወይስ የቀዳዳው ጥበት?

ጠያቂያችን የድኅረ ምረቃ ጥናታቸውን በመሥራት ላይ ያሉ ናቸው። ኤም ዲ ኤ-ኤም ቢ-231 የተባሉትን የጡት ካንሰር ሕዋሳት በሚሊሊትር 1.5 እና 3 ሚሊግራም ኮላጅን (ተያያዥ ሕብረ ሕዋስን የሚሠራ ባለ ቃጫ ፕሮቲን) በያዙ ሁለት ዓይነት ጄሎች ውስጥ ቀላቅለው በማይክሮስኮፕ ሲከታተሉ፣ በመጀመሪያው ጄል ፈጠን ብለው ሲንቀሳቀሱ በሁለተኛው ዘግይተው አገኟቸው። ከዚህ ተነሥተው «የጄሉ ግትርነት ሲጨምር የሕዋሱ ፍጥነት ይቀንሳል» ብለው ጻፉ፤ አማካሪያቸው ግን መደምደሚያውን አልተቀበሉትም። በዚያ ላይ ያው 1.5 ሚሊግራሙ ጄል በተለያዩ ቀናት ሲዘጋጅ የተለያየ ፍጥነት እየሰጠ አስቸግሯቸዋል። መደምደሚያው ተቀባይነት ያጣበትን ምክንያትና የግትርነትን ተጽዕኖ ለይቶ ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ ይጠይቃሉ።

አማካሪዎ ትክክል ናቸው። የኮላጅኑን መጠን ከ1.5 ወደ 3 ሚሊግራም ሲያሳድጉ የለወጡት አንድ ነገር ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። ጄሉ ይበልጥ ግትር ይሆናል፤ ቃጫዎቹ ስለሚበዙ በመካከላቸው ያለው ቀዳዳ ይጠባል፤ ሕዋሱ በኢንቴግሪኖቹ፣ ማለትም በገጹ ላይ ባሉት መጨበጫ ፕሮቲኖች፣ አማካይነት ጨብጦ የሚጎተትባቸው የመጣበቂያ ነጥቦችም ይጨምራሉ። ለሕዋሱ መዘግየት ከሦስቱ ማናቸውም ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስቱም አብረው በተለወጡበት ሙከራ አንዱን ነጥሎ ተጠያቂ ማድረግ ግን አይቻልም። የእርስዎ ሙከራ የለካው የኮላጅን መጠን በፍጥነት ላይ ያለውን ተጽዕኖ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ውጤት ቢሆንም በግትርነት ስም ሊጠራ አይገባውም። እንዲህ ያለው አገላለጽ በታተሙ ጽሑፎችም ውስጥ አልፎ አልፎ ስለሚያጋጥም በእርስዎ ብቻ የደረሰ አይምሰልዎት።

ግትርነት ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 ፔልሃምና ዋንግ ግትርነቱ የሚስተካከል የፖሊአክሪላማይድ ጄል አዘጋጅተው ሕዋሳትን በላዩ ላይ ባሳደጉ ጊዜ፣ በለስላሳው ጄል ላይ ያሉት ሕዋሳት ተዘርግተው የሚይዙት ቦታ ሲያንስ እንቅስቃሴያቸው እንደሚጨምር አሳዩ። በ2000 ደግሞ ከዚያው ቡድን የወጣ ጥናት ፋይብሮብላስቶች (ኮላጅን የሚሠሩ የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕዋሳት) በለስላሳና በግትር ጄል ድንበር ላይ ሲደርሱ ወደ ግትሩ እንደሚያቀኑ አሳየ፤ ዱሮታክሲስ የሚባለው ባሕርይ ይህ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች በኋላ ግትርነት የመስኩ ዋና መለኪያ ሆኖ ቆየ። ነገር ግን እነዚያ ሕዋሳት የሚሄዱት በጄሉ ላይ እንጂ በጄሉ ውስጥ አልነበረም። በጠፍጣፋ ገጽ ላይ የሚሄድ ሕዋስ ከፊቱ የሚያግደው ነገር የለም፤ ከበታቹ ያለውን እየጨበጠ መጎተት ይበቃዋል። በጄል ውስጥ የተቀበረ ሕዋስ ግን በየአቅጣጫው የተከበበ በመሆኑ በመጀመሪያ ማለፊያ ማግኘት አለበት፤ ማለፊያ ካጣ ጎትቶም የትም አይደርስም። ኤልስዴልና ባርድ በ1972 ፋይብሮብላስቶች በኮላጅን ውስጥ ሲያድጉ በሳህን ላይ ካላቸው የተለየ መልክ እንደሚይዙ ጽፈው ነበር። ጉዳዩ በሰፊው ትኩረት ያገኘው ግን በ2001 የያማዳ ቡድን በሦስት አውታር ማትሪክስ (ሕዋስን በየአቅጣጫው በሚከብ የቃጫ መረብ) ውስጥ ያለ ሕዋስ የሚሠራቸው መጣበቂያዎች በአወቃቀራቸው ከጠፍጣፋው የተለዩ መሆናቸውን ካሳየ በኋላ ነው። ስለዚህ ከጠፍጣፋ ጄል የተገኘን የግትርነት ሕግ እንዳለ ወስዶ ለእርስዎ ጄል መተርጎሚያ ማድረግ አደጋ አለው።

ማለፊያውን በተመለከተ ወሳኙ አካል ኒውክሊየሱ ነው። ቀሪው የሕዋስ ክፍል እንደ ፈሳሽ እየተሳበና እየቀጠነ ከአንድ ማይክሮሜትር ባነሰ ክፍተት ውስጥ ክንዱን ማሾለክ ይችላል፤ ኒውክሊየሱ ግን ከሕዋሱ ክፍሎች ሁሉ ትልቁና እጅግ ግትሩ ስለሆነ ወደ ኋላ ይጎተታል። በ2013 የፍሪድል ቡድን ባሳተመው ጥናት፣ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም የተከለከለበት ሕዋስ ቀዳዳው እየጠበበ ሲሄድ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄድና የቀዳዳው ስፋት ከኒውክሊየሱ የመስቀለኛ ቁራጭ ስፋት 10 በመቶ ገደማ ላይ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። ይህም ለካንሰር ሕዋሳት 7፣ ከነጭ የደም ሕዋሳት ለቲ ሕዋሳት 4፣ ለኒውትሮፊሎች ደግሞ 2 ስኩዌር ማይክሮሜትር ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ልብ ይበሉ፣ ኢንዛይሙ እየሠራ ያለ ሕዋስ በዚህ ወሰን አይታሰርም፤ መንገዱን እየቆረጠ ያልፋልና። ከዚህ የምንረዳው የእርስዎ ባለ 3 ሚሊግራም ጄል ሕዋሱን «የከበደው» ግትር በመሆኑ ሳይሆን ኒውክሊየሱ የሚያልፍበት ቀዳዳ በማነሱ፣ ሕዋሱም በየእርምጃው ለመቁረጥ ጊዜ ስለሚወስድበት ሊሆን እንደሚችል ነው።

ይህ የመላ ምት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እርስዎ በሚሠሩባቸው በእነዚሁ ሕዋሳት ላይ ረዘም ያለ ክርክር ተካሂዶበታል። በ2003 ቮልፍ፣ ፍሪድልና ባልደረቦቻቸው በኮላጅን ውስጥ ያሉ የኤች ቲ-1080 (ሌላ የካንሰር ሕዋስ ዓይነት) እና የኤም ዲ ኤ-ኤም ቢ-231 ሕዋሳትን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ሲከለክሉ ሕዋሳቱ መንቀሳቀሳቸውን አላቆሙም፤ ይልቁንም ከረዘመ ቅርጻቸው ወደ ድቡልቡል ቅርጽ ተለውጠው እንደ አሜባ እየተጨመቁ በቀዳዳዎቹ ሲያልፉ ታዩ። በ2009 ሳቤህ፣ ዋይስና ባልደረቦቻቸው ግን ይህ የሚሆነው ኮላጅኑ በፔፕሲን፣ ፕሮቲን በሚፈጨው የጨጓራ ኢንዛይም፣ የወጣ ሲሆን ነው ሲሉ ተከራከሩ። ፔፕሲን የኮላጅን ሞለኪውልን ጫፎች፣ ማለትም ቃጫዎችን እርስ በርስ የሚያስተሳስሩትን ቴሎፔፕታይዶች፣ ስለሚቆርጥ ጄሉ የላላ ትስስር ይኖረዋል፤ ጫፎቹ ያልተቆረጡበት፣ በአሲድ የወጣ ኮላጅን ውስጥ ግን ካንሰር ሕዋሱ ያለ ኢንዛይም አያልፍም አሉ። ከላይ የጠቀስሁት የ2013 ሥራ የቀዳዳን ስፋት በቀጥታ ለክቶ ሁለቱን ውጤቶች በአንድ መለኪያ ላይ አስቀመጣቸው፤ ከአይጥ ጭራ የሚወጣው ኮላጅን ጠባብ፣ ከከብት ቆዳ የሚወጣው ደግሞ ሰፊ ቀዳዳ ይሰጣልና። እኔ ከዚህ ክርክር የምወስደው ተግባራዊ ነገር አለ። የጄሉን ዓይነት ሲገልጹ «ኮላጅን አንድ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ከየትኛው እንስሳና ከየትኛው የአካል ክፍል እንደወጣ፣ በአሲድ ነው ወይስ በፔፕሲን የሚለው፣ የምርቱም መለያ ቁጥር መጻፍ አለበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ችግር፣ ማለትም ያው ጄል በየቀኑ የተለያየ ውጤት ወደ መስጠቱ ልመለስ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውም ችግር መፍቻ ከዚሁ ይገኛል። አንድ የኮላጅን ሞለኪውል 300 ናኖሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን በትር ነው። በቀዝቃዛ አሲድ ውስጥ ተለያይተው የሚኖሩት በትሮች የአሲዱ ኃይል ሲጠፋና ሙቀቱ ሲጨምር ራሳቸው እየተሰለፉ ቃጫ ይሠራሉ። በዚህ ሂደት ውስጥ ፍጥነቱ ቅርጹን ይወስናል፤ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ቶሎ የረጋ ጄል ብዙ ቀጫጭን ቃጫዎችና ትናንሽ ቀዳዳዎች ሲኖሩት፣ በክፍል ሙቀት ወይም ከዚያ በታች ቀስ ብሎ የረጋው ጥቂት ወፋፍራም ቃጫዎችና ሰፋፊ ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ሊጡ አንድ ሆኖ ሳለ የምጣዱ ሙቀት የእንጀራውን ዓይን እንደሚለዋውጠው ማለት ነው። ፒ ኤችም እንዲሁ ያደርጋል፤ ትንሽ አሲድነት የቀረበት ድብልቅ በዝግታ እየረጋ ወፋፍራም ቃጫ ይሰጣል።

እንግዲህ በሥራ ጠረጴዛው ላይ የሚሆነውን ያስተውሉ። ኮላጅኑ፣ አሥር እጥፍ የተደረገው የጨው መሟሟያ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱና የሕዋሱ መኖ ሁሉም በበረዶ ላይ ካልቆዩ፣ ከመካከላቸው አንዱ በክፍል ሙቀት የነበረ እንደሆነ ድብልቁ ገና ሳይፈስስ መርጋት ይጀምራል። የፒፔቱ ጫፍ እንኳ ካልቀዘቀዘ ዝልግልጉ ኮላጅን በውስጡ ተጣብቆ ስለሚቀር የሚሰጡት መጠን ካሰቡት ያነሰ ይሆናል፤ ስለዚህ ጫፉን አስቀድሞ ማቀዝቀዝና በዝግታ መሳብ ያስፈልጋል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ሲገባ በመኖው ውስጥ ያለው ፊኖል ሬድ የተባለ የአሲድነት አመልካች ቀለም ከቢጫ ወደ ቀላ ያለ ሮዝ ይለወጣል፤ ዓይን በዚህ ቀለም ይሸነገላልና ከእያንዳንዱ ድብልቅ ጠብታ ወስዶ በፒ ኤች ወረቀት ከ7.2 እስከ 7.4 መሆኑን ማረጋገጥ ይሻላል። ከዚያም ሳህኑ በኢንኩቤተሩ ውስጥ በምን ላይ እንደሚያርፍ እንኳ ለውጥ ያመጣል፤ ቀድሞ በሞቀ የብረት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሳህን ከፕላስቲክ ትሪ ላይ ከተቀመጠው ቶሎ ይሞቃል። አንድ ቀን ድብልቁን ወዲያው ወደ ኢንኩቤተር አስገብተው፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሳህኖቹን እስኪሞሉ 10 ደቂቃ በጠረጴዛ ላይ ቢያቆዩት የሠሩት ሁለት የተለያዩ ጄሎች ነው። የእርስዎን የየቀኑን ልዩነት ሳስበው የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ እዚህ ላይ ነው። ጄሉ በሚረጋበት ጊዜ ሕዋሳቱ ወደ ታች እንዳይዘቅጡም ሳህኑን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መገልበጥና መመለስ ተገቢ ነው፤ ያለበለዚያ ገሚሱ ሕዋስ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ያድርና የሚለኩት እንደገና ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያለ እንቅስቃሴ ይሆናል።

የሕዋሱ ብዛትም ሊዘነጋ አይገባም። በሚሊሊትር 100,000 ሕዋስ ቢያስገቡ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 215 ማይክሮሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህ ለነጠላ ሕዋስ እንቅስቃሴ ተስማሚ ነው። አንድ ሚሊዮን ቢያስገቡ ርቀቱ ወደ 100 ይወርዳል፤ ሕዋሳቱም ቃጫዎቹን እየጎተቱ አንዱ ለሌላው መንገድ ያሰልፍለታል፣ ጄሉም በሙሉ ይኮማተራል። የተኮማተረ ጄል ደግሞ የጀመሩበት መጠን የለውም።

ሦስቱን ነገሮች ለመለያየት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው የመጀመሪያ እርምጃ ከላይ የተናገርሁትን የሙቀት ባሕርይ ሆን ብሎ መጠቀም ነው። የኮላጅኑን መጠን 1.5 ላይ አጽንተው አንዱን ጄል በ37፣ ሌላውን በ22 ዲግሪ አርግተው ከዚያ ሁለቱንም በ37 ያቆዩአቸው። የፕሮቲኑ ጠቅላላ መጠን አንድ ሆኖ ቀዳዳው ይለያያል። ግትርነቱ ግን አብሮ ሊለወጥ ስለሚችል መለካት አለበት፤ ቃጫው ሲወፍርም ሕዋሱ የሚያገኘው የመጣበቂያ ገጽ ይለወጣል። ስለዚህ ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። በተቃራኒው ቀዳዳውን ብዙ ሳይነኩ ግትርነቱን መጨመር ከፈለጉ፣ ከመርጋቱ በፊት ኮላጅኑ የሟሟበትን ፈሳሽ እንደ ራይቦዝ ካለ ስኳር ጋር በቀዝቃዛ ቦታ አቆይቶ ሞለኪውሎቹን የማስተሳሰር ዘዴ አለ፤ የቃጫው አወቃቀር ያን ያህል ሳይለወጥ ጄሉ ይጠነክራል። እንዲህ የተሳሰረ ኮላጅን ለኢንዛይም ያለው ተጋላጭነት ሊቀንስ እንደሚችልና በስኳር የተያዘ ፕሮቲን ራሱ በአንዳንድ ሕዋሳት ተቀባዮች እንደሚታወቅ አስቦ ተገቢውን ማነጻጸሪያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሁለቱ ሙከራዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ካመለከቱ ክርክርዎ ይጠነክራል።

ከዚህ ቀጥሎ ኢንዛይም አጋጅ ኬሚካልን እንደ መመርመሪያ መጠቀም እመክራለሁ። ጂ ኤም 6001 የተባለው አጋጅ ማትሪክስ ቆራጭ ኢንዛይሞችን በስፋት ይከለክላል። አጋጁን ለሁለቱም ጄሎች ሰጥተው በሰፊ ቀዳዳው ጄል ፍጥነቱ ብዙም ሳይነካ በጠባቡ ጄል ሕዋሳቱ የሚቆሙ ከሆነ፣ ያገዳቸው የቀዳዳው ጥበት ነው ለማለት በቂ መነሻ ይኖርዎታል። በሁለቱም ጄሎች እኩል ከዘገዩ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። በዚህ ሙከራ የሟሟያው፣ ማለትም የዲ ኤም ኤስ ኦ፣ ማነጻጸሪያ ብቻ ሳይሆን የአጋጁ ንቁ ያልሆነ አቻም ሊኖር ይገባል። ውጤቱን ሲያነብቡ የ2003ን ግኝት አይርሱ፤ ሕዋሱ ቢቀጥልም ቅርጹን ለውጦ ሊሆን ስለሚችል ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን የሕዋሱን ርዝመትና ስፋት ጭምር ይለኩ። ዋይ-27632 በተባለው የሮክ (ሕዋሱን የሚያኮማትር ኢንዛይም) አጋጅ ወይም በብሌቢስታቲን (የሚዮሲን ሞተር ፕሮቲን አጋጅ) የመኮማተር ኃይሉን መንካት ከፈለጉ ደግሞ፣ ብሌቢስታቲን በሰማያዊ ብርሃን እንደሚበላሽና ለሕዋሱም መርዛማ እንደሚሆን ይወቁ፤ አረንጓዴ የሚያበሩ ሕዋሳትን በ488 ናኖሜትር ሌዘር እየመቱ በብሌቢስታቲን መሥራት ሞትን ከመዘግየት ጋር ያደባልቅብዎታል።

ግትርነትን በእርግጥ ነጥሎ ማጥናት የጥናቱ ዋና ዓላማ ከሆነ ግን ኮላጅን ተስማሚው ቁስ አይደለም፤ ወደ ሰው ሠራሽ ጄል መሄድ ይሻላል። ሉቶልፍ፣ ሃቤልና ባልደረቦቻቸው በ2003 ያሳዩት የፖሊኢቲሊን ግላይኮል ጄል ራሱ ለሕዋስ ባዳ ነው፤ ሕዋሱ የሚጨብጠው አር ጂ ዲ የተባለው አጭር ፔፕታይድና ኢንዛይሙ የሚቆርጠው ማያያዣ ፔፕታይድ ለየብቻቸው ይጨመራሉ። ስለዚህ የመጣበቂያውን ብዛት አጽንቶ ትስስሩን ማሳደግ፣ ወይም ግትርነቱን አጽንቶ ተቆራጭነቱን መቀነስ ይቻላል። ነገር ግን የዚህ ጄል መረብ ቀዳዳ በናኖሜትር የሚለካ በመሆኑ ሕዋሱ ሳይቆርጥ አንድ እርምጃ አይሄድም፤ ቃጫም ስለሌለው በአካል ውስጥ ያለውን ተያያዥ ሕብረ ሕዋስ በቅርጹ አይመስልም። አልጂኔትም ሌላው አማራጭ ነው፤ አጥቢ እንስሳት የሚቆርጡበት ኢንዛይም ስለሌላቸው ያለ መቁረጥ የሚሆነውን ለማየት ይመቻል። በ2018 የቻውዱሪ ቡድን በአልጂኔት ላይ በተመሠረተ ጄል ባሳየው ሥራ፣ ቀዳዳው በናኖሜትር ቢሆንም ጄሉ ሲገፋ ወደ ነበረበት የማይመለስ ዓይነት ከሆነ የካንሰር ሕዋሳት ያለ ኢንዛይም እየገፉ መተላለፊያ ይከፍታሉ። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ጄሉ ምን ያህል ይገትራል ብቻ ሳይሆን፣ ከተገፋ በኋላ ይመለሳል ወይ የሚልም ይሆናል። ማትሪጀልን ግን ለእርስዎ ጥያቄ አልመክርም፤ ከአይጥ ዕጢ የሚወጣ፣ ብዙ ፕሮቲኖችን የያዘና ከምርት ምርት የሚለያይ ስለሆነ ለመለያየት የሚፈልጉትን ሁሉ መልሶ ያቀላቅለዋል።

ግትርነቱን ሳይለኩ ስለ ግትርነት መጻፍ እንደማይቻል ግልጽ ነው። በሬኦሜትር፣ ማለትም ቁስን እያወዛወዘ ግትርነቱን በሚለካ መሣሪያ፣ ሲለኩ ጄሉ በመሣሪያው ሳህኖች መካከል፣ ለሕዋሱ ባረጉበት ሙቀትና ጊዜ ልክ ይርጋ፤ ዳርና ዳሩ እንዳይደርቅ በእርጥበት መከለያ ወይም በዘይት ይሸፈን። የሚያገኙት የሸርተቴ ሞዱለስ፣ ማለትም ቁሱ በጎን ሲገፋ የሚያሳየው ግትርነት ነው። በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ከሚለካው የያንግ ሞዱለስ (ቁሱ ሲጨመቅ ወይም ሲሳብ የሚያሳየው ግትርነት) ጋር ሲያነጻጽሩ፣ መጠኑ በማይቀንስ ቁስ ውስጥ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ መሆኑን ያስታውሱ፤ የኮላጅን ጄል ሲጨመቅ ውሃው ስለሚወጣ ይህም ግምታዊ ነው። ሌላው ነገር ኮላጅን ሲሳብ እየጠነከረ የሚሄድ መሆኑ ነው። በትንሽ መሳብ 100 ፓስካል ያሳየ ጄል ሕዋሱ ጠንክሮ በሚጎትትበት ቦታ ብዙ እጥፍ ግትር ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ሲጽፉ በምን ያህል መሳብና በምን ድግግሞሽ እንደተለካ አብሮ ይጻፍ። ቀዳዳውን ደግሞ ሕዋስ በሌለበት ጄል ውስጥ በኮንፎካል ነጸብራቅ (ከቃጫዎቹ የሚመለሰውን የሌዘር ብርሃን በሚቀርጽ ማይክሮስኮፕ) ያንሡት፤ ወደ ላይ የቆሙት ቃጫዎች በዚህ ዘዴ እንደማይታዩ፣ በዚህም ምክንያት ቀዳዳው ከእውነቱ ሰፍቶ እንደሚታይ እያወቁ።

ስለ ቀረጻው ጥቂት ልበል። ከመስታወቱ ቢያንስ 100 ማይክሮሜትር፣ ቢቻል ከዚያም ራቅ ብለው ይቅረጹ፤ በቃጫዎች በኩል የሕዋስ ጉተታ ሩቅ ስለሚጓዝ ከታች ያለው ግትር መስታወት ይሰማል። ሳህኑ በማይክሮስኮፑ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሙቀቱ እስኪረጋ አንድ ሰዓት ያህል ይታገሡ። በጄሉ ውስጥ አንድ ማይክሮሜትር የሆኑ የሚያበሩ ጥቃቅን ዶቃዎችን ቀላቅለው፣ ከሕዋስ ርቀው ያሉትን ዶቃዎች መንሸራተት ከሕዋሱ መንገድ ላይ ይቀንሱ፤ ጄሉ ራሱ ሲንሸራተት ሕዋሳት ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የሚሰደዱ ይመስላሉ። ለእርስዎ ሕዋሳት በየ10 ወይም 15 ደቂቃው አንድ ምስል ይበቃል። በደቂቃ ከ10 ማይክሮሜትር በላይ ሊሄዱ የሚችሉ ቲ ሕዋሳት ቢሆኑ ኖሮ በየግማሽ ደቂቃው ማንሣት ባስፈለገ ነበር።

በስሌቱ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ፍጥነት በምስሎቹ መካከል ባለው ጊዜ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው። ምስሎቹ በጣም ከተቀራረቡ የቦታ ስሕተት እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠራል፤ በጣም ከተራራቁ ደግሞ ጠመዝማዛው መንገድ ተቆርጦ ቀጥ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱን ጄሎች በአንድ የጊዜ ልዩነት ይለኩ፤ የሞቱ ሕዋሳትን ወይም በጄሉ ውስጥ የታሰሩ ዶቃዎችንም በዚያው ፕሮግራም አስልተው የሚያሳዩትን «ፍጥነት» እንደ መሠረት ይያዙት። ትራክሜት በተባለው የፊጂ (ነጻ የምስል መተንተኛ ፕሮግራም) መሣሪያ የኒውክሊየስን መንገድ መከተል ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ከአማካይ ፍጥነት በፊት ግን ምን ያህሉ ሕዋስ ጨርሶ እንደተንቀሳቀሰ ይመልከቱ። በባለ 3 ሚሊግራሙ ጄል አማካዩ የወረደው ሁሉም ስለዘገዩ ነው ወይስ ገሚሶቹ ቆመው የቀሩት እንደ ቀድሞው ስለሚሄዱ? የቀዳዳ ጥበት ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን መልክ ይሰጣል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ቀዳዳዎቹ እኩል ስላልሆኑ ዕድለኛው ያልፋል፣ ሌላው ይታሰራል። በጠፍጣፋ ገጽ የሚሠራበትን የተራ ዘፈቀደ ጉዞ ቀመርም በቀጥታ አያስገቡ፤ የዊርትዝ ቡድን በ2014 እንዳሳየው በኮላጅን ውስጥ ያለ የካንሰር ሕዋስ እንቅስቃሴ በዚያ ቀመር አይገለጽም፤ በአንድ መስመር ወደፊትና ወደ ኋላ የመመላለስ ባሕርይ አለውና አቅጣጫን ያገናዘበ ስሌት ይፈልጋል።

ከአንድ ጄል 200 ሕዋስ ቢከታተሉም የናሙናዎ ብዛት 200 አይደለም። ሕዋሳቱ አንድ ቀን በተዘጋጀ አንድ ጄል ውስጥ ስለሆኑ የዚያን ጄል ጠባይ ሁሉም ይጋሩታል። ለእያንዳንዱ ጄል አንድ መካከለኛ ዋጋ አውጥተው በተለያዩ ቀናት የተዘጋጁ ጄሎችን ያነጻጽሩ፤ ሁለቱም ዓይነት ጄሎች በአንድ ቀን፣ ከአንድ የኮላጅን ጠርሙስ ተዘጋጅተው ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢነጻጸሩ የየቀኑ ልዩነት አብዛኛው ይወገዳል።

አሁን በእጅዎ ያለው መረጃ የሚጣል አይደለም። በጽሑፍዎ ላይ «በሚሊሊትር 3 ሚሊግራም ኮላጅን በያዘ ጄል ውስጥ ያሉት ሕዋሳት 1.5 ከያዘው ይልቅ ዘግይተዋል» ብለው ያስቀምጡት፤ ግትርነትን፣ ቀዳዳንና የመጣበቂያ ብዛትን ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶች አድርገው ይዘርዝሩ። ከዚያ ወደ አዲስ ቁስ ከመሄድዎ በፊት ቪዲዮዎቹን እንደገና ከፍተው የቆሙትን ሕዋሳት ድርሻ ይቁጠሩ፣ በሚያልፉበት ቅጽበትም የኒውክሊየሱን ቅርጽ ይመልከቱ። ኒውክሊየሱ በመሐሉ ተቆንጥጦ ሲያልፍ ካዩ ቀጣዩ ሙከራ የጂ ኤም 6001 ይሁን፤ ክብ ሆኖ ያለ መጨነቅ የሚያልፍ ከሆነ ግን ጊዜዎን በስኳር በተሳሰረው ኮላጅን ላይ ቢያውሉት ይሻላል።